ጅማ ያነሳነው ሲቲ ለመንጋጋ ኦፕራሲዮን እቅድ አይሆንም ተባልን፤ ምን እናድርግ?

የጨርቅ ጠርዝ · እሁድ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምጽፈው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። 21 ዓመቱ ነው። የታችኛው መንጋጋው ወደ ፊት ወጥቷል፤ ትንሽም ወደ ግራ ዞሯል። የፊት ጥርሶቹ አይገናኙም። አምባሻ ሲበላ ብታዩት ይገባችሁ ነበር። መጀመሪያ በእጁ ትንንሽ አድርጎ ይቆርሰዋል። ከዚያ በጎን በኩል እየገፋ ወደ ኋላ ጥርሱ ያደርሰዋል። ቆሎ ከተወ ቆየ። ሰው ፊት መብላትም ትቷል። ሠርግ ቤት ስንሄድ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ቤት ስንገባ ግን ቀጥታ ወደ ሌማቱ ነው።

ብሬስ ካሳሰረ ዓመት ከአምስት ወር ሆነው። ሽቦው ያስተካክለዋል ብለን ነበር፤ መንጋጋው ጭራሽ የባሰ የወጣ መሰለ። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ሪፈር ተባልንና ሄድን። ሐኪሙ የጎን ራጁንና ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ደርቦ አሳየን። የላይኛው መንጋጋ 4 ሚሊ ወደ ፊት፣ የታችኛው 5 ሚሊ ወደ ኋላ አለ። ስክሪኑ ላይ ፊቱ ተቀየረ። ወንድሜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «አባዬን ይመስላል» አለ። አባታችን ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ያንን ምስል በስልኩ ፎቶ አንስቶታል፤ ማታ ማታ ከፍቶ ሲያየው አገኘዋለሁ።

ሐኪሙ «ይሄ ግምት ነው፤ ትክክለኛው እቅድ የሚሠራው በሲቲ ስካን ነው» ብሎ ወረቀት ጻፈልን። ማክሰኞ እዚሁ ጅማ ተነሳ። ፊልሙንና ሪፖርቱን ይዘን ሐሙስ አዲስ አበባ ገባን። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን አርብ ጠዋት የተባልነው «ይህ አይሠራም፣ ቁርጡ ወፍራም ነው፣ ሲዲውስ የታለ?» ነው። ሲዲ የሚባል ነገር አልሰጡንም። እኛም መጠየቅ እንዳለብን አላወቅንም። ትናንት ተመለስን።

አሁን እንደገና ከፍለን እናስነሳው? ሁለት ጊዜ ጨረሩ አይጎዳውም? ሌላም አለ። ሜትሬን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ 4 ሚሊን አየሁት። ለስፌት ከምተወው ጠርዝ እንኳ ያንሳል። ለዚህች ነው አጥንት የሚቆረጠው? ያ የኮምፒውተር ፎቶስ የእውነት ይሆናል? እኔ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት በጠመኔ አሰምራለሁ፤ ከተበላሸም ሌላ ጨርቅ ይገዛል። የወንድሜ ፊት ግን አንድ ነው። የምታውቁ እባካችሁ።

ራጅ ክፍል · እሁድ ማታ 3:55

እህቴ፣ ጅማ ውስጥ ራጅና ሲቲ አነሳለሁ። ሌላውን ሁሉ ተይውና ነገ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ያነሱት ዘንድ ሂጂ። ገና ምንም እንዳትከፍዪ። እንዲህ በያቸው፦ «የማክሰኞው ጥሬ መረጃ ማሽኑ ላይ አለ ወይ? ካለ ከ1 ሚሊ ባልበለጠ ውፍረት አውጥታችሁ በሲዲ ስጡኝ።»

የምቸኩለው በምክንያት ነው። ማሽኑ ሰውየውን አንድ ጊዜ ዞሮ ያነባል። አሁን ባሉት አብዛኞቹ ማሽኖች ከዚያች አንድ ንባብ በ5 ሚሊም፣ በ1 ሚሊም፣ ከዚያ በታችም ምስል ማውጣት ይቻላል። ጥሬው ንባብ ግን ብዙ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ አዲስ ታካሚ በመጣ ቁጥር አሮጌው ይሰረዛል። የሚቆየው ለቀናት ነው። ማክሰኞ ከሆነ የተነሳው ተስፋ አለ፤ ሳምንት ካለፈ ግን እጠራጠራለሁ።

ወፍራሙ የማይሆነው ለዚህ ነው። ድፎ ዳቦ በወፍራሙ ስትቆርጪ መሃሉ ላይ ያለው ጥቁር አዝሙድ አይታይሽም። በስሱ ከቆረጥሽው አንድ በአንድ ትቆጥሪዋለሽ። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የከንፈር ስሜት የሚያመላልስ ነርቭ ያልፋል። የሚያልፍበት ቦይ ስፋቱ 3 ሚሊ ገደማ ነው። በ5 ሚሊ ቁርጥ ውስጥ ተድበስብሶ ይቀራል። ያነሱት ሰዎችም ክፉ አስበው አይመስለኝም። ለአደጋ፣ ለደም መፍሰስ፣ ለሳይነስ ወፍራሙ ይበቃል፤ በየቀኑ የምናወጣውም እሱን ነው። ወረቀቱ ላይ «ለኦፕራሲዮን እቅድ» የሚል ካልተጻፈ ባለሙያው አያውቅም።

ፊልሙ ደግሞ ፎቶ ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ዳይኮም በሚባለው ፋይል ነው። እዚያ ውስጥ እያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር አላት። ውሃ 0 ነው። አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው። አጥንት ከዜሮ በላይ ብዙ መቶዎች ይሄዳል። መለኪያው ሃውንስፊልድ ይባላል፤ በሲቲ ፈጣሪው በእንግሊዛዊው መሐንዲስ ስም ነው። የመጀመሪያው ታካሚ በእሱ ማሽን የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሶፍትዌሩ «ከዚህ ቁጥር በላይ ያለውን ብቻ አሳየኝ» ሲባል ሥጋው ይገፈፍና አጥንቱ ብቻውን ይቆማል። ከፊልም ላይ ይህን ማንም ሊያወጣው አይችልም።

ምናልባት መረጃው ጠፍቶ እንደገና የሚነሳ ከሆነ ግን የሚከተለውን ለባለሙያው ንገሪው። ከግንባሩ አንስቶ ከአገጩ በታች ድረስ ይግባ፤ የአፍንጫው ጫፍም እንዳይቆረጥ። የማሽኑ ቀለበት ዘንበል አይበል። አፉ ውስጥ ምንም አይነከስ፤ ሐኪሙ በሰም የያዘው ንክሻ ካለ ግን እሱን ነክሶ ይነሳ። ከሌለ የኋላ ጥርሶቹ እንደ ልማዱ ይገናኙ፣ ከንፈሩ ይላላ። አገጩን በማሰሪያ እንዳይጫኑት፤ ቆዳው ከተጨቆነ ኮምፒውተሩ የተጨቆነውን ፊት ነው እውነት ብሎ የሚይዘው። የአንገት ሐብል ይውለቅ። አንድ ወንድም አንገቱ ላይ ማተብ ከነመስቀሉ አስሮ ገብቶ አገጩ ሥር ያለው ሁሉ በነጭ ጭረት ተሸፍኖብን ያውቃል።

ስለ ጨረሩ፣ ለሚያስፈልግ ነገር አንድ ጊዜ ቢደገም አትሸበሪ። ሳያስፈልግ ግን ባይደገም ይሻላል። መጀመሪያ ጠይቂ ያልኩሽም ለገንዘቡ ብቻ አይደለም።

የኪቶ ልጅ · እሁድ ማታ 4:20

ሰላም እህቴ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ እማራለሁ። ሲዲው ሲወጣልሽ ስሪዲ ስላይሰር የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ የወንድምሽን የራስ ቅል በሁሉም አቅጣጫ አዙሬ ላሳይሽ እችላለሁ። ብር አልፈልግም። መንጋጋውን በስሪዲ ፕሪንተር ማተምም ይቻላል። በኦፕራሲዮን ሰዓት መንጋጋው የት እንደሚቀመጥ የሚያሳይ፣ ጥርስ ላይ የሚገባ ማስነከሻም አለ፤ እሱን እንኳ ሐኪሙ ፋይሉን ከላከልን እዚሁ እናትመው ነበር፤ ከመመላለስ ትድኛለሽ።

የጅሬን ጥርስ ሐኪም · እሁድ ማታ 5:05

እኔ ጅማ ተምሬ ጥርስ ሐኪም ሆኜ የወጣሁ ነኝ። አሁን አዲስ አበባ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና እየተማርኩ ነው። ራጅ ክፍል ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ በተለይ ነገ ጠዋት የሚለው።

የኪቶ ልጅ፣ ልብህ ጥሩ ነው። ሲዲውን ከፍተህ ቁርጡ ስስ መሆኑን፣ ፋይሉ የሚሠራ መሆኑን ብታይላቸው ትልቅ እገዛ ነው። ሰው 350 ኪሎ ሜትር ይዞት ከሄደ በኋላ የማይከፈት ሲዲ ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል። ማስነከሻውን ግን ተወው። እሱ የሚገባው በኦፕራሲዮን ሰዓት ክፍት ቁስል ካለበት አፍ ውስጥ ነው። ለአፍ ከተፈቀደ ቁስ መሠራት፣ በአግባቡ ከጀርም መጽዳት አለበት። ፋይሉንም እዚህ እንዳትለጥፉት፤ ዳይኮም ውስጥ የታካሚው ስምና የልደት ቀን ተጽፎ ይቀመጣል።

እህቴ፣ ስለ ብሬሱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር ነው። መንጋጋ አላግባብ ሲያድግ ጥርሶች ለመገናኘት ይጎብጣሉ። የታችኞቹ ወደ ውስጥ፣ የላይኞቹ ወደ ውጭ ያጋድላሉ። እንዲህ ሆነው ችግሩን ይሸፍኑታል። ብሬሱ እያንዳንዱን ጥርስ አጥንቱ ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ያኔ የተሸፈነው ይገለጣል። የወንድምሽ መንጋጋ የባሰ የወጣ የመሰለው ሥራው እየተሠራ ስለሆነ ነው።

ድሮ እቅዱ የሚሠራው በጀሶ ነበር። እኔም ተምሬዋለሁ። የጥርሱን ቅርጽ ወስደህ ጀሶ ታፈሳለህ። መንጋጋ አስመሳይ መሣሪያ ላይ ታስራለህ። ከዚያ ጀሶውን በመጋዝ ቆርጠህ፣ በእርሳስ ያሰመርከውን መስመር እያየህ፣ ሚሊ በሚሊ ገፍተህ በሰም ታጣብቀዋለህ። እጅ ይፈልጋል፤ ጥሩ እጅ ያላቸው መምህራን በሱ ድንቅ ሥራ ሠርተዋል። ችግሩ ጀሶ ላይ ያለው ጥርስ ብቻ መሆኑ ነው። አጥንቱ የለም፣ ነርቩ የለም፣ አገጩ የለም። እንደ ወንድምሽ ወደ ጎን የዞረ ፊት ሲሆን ከኋላ በኩል አጥንት ከአጥንት የት እንደሚጋጭ ጀሶው አይነግርህም።

በኮምፒውተሩ ግን የራስ ቅሉ ሙሉ በሙሉ ከፊትህ ይቆማል። ሲቲ ጥርስን አጥርቶ አያሳይም፤ የብሬሱ ብረትም ምስሉን በጭረት ይሞላዋል። ስለዚህ ጀሶው አሁንም ይፈለጋል። ጀሶው ለብቻው በስካነር ይነበብና በሲቲው ላይ ጥርስ በጥርስ ተደርቦ ይተከላል። ከዚያ ይቆረጣል። የላይኛው መንጋጋ ከአፍንጫ ግርጌ በላይ አግድም የሚቆረጥበት መስመር ለፎር አንድ ይባላል። ስሙ የፈረንሳዊው ሐኪም ነው። የፊት አጥንት ሲመታ በየት በየት እንደሚሰነጠቅ አጥንቶ በ1901 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በኋላ ቀዶ ሐኪሞች ያንኑ መስመር ተከትለው መቁረጥ ጀመሩ። የታችኛው ደግሞ ከኋላ ጥርሶች በስተኋላ እንደ መጽሐፍ ገጽ ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱ ገጽ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ነርቩ መሃላቸው ይተርፋል። ይህን ዘዴ ኦብዌጌሰር የተባለ ኦስትሪያዊ ከመምህሩ ጋር በ1957 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ለዓለም አደረሰው። ሁሉም የሚቆረጠው በአፍ ውስጥ ነው። ፊቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ አይኖርም።

አሁን ወደ ጠመኔሽ ልምጣ። እቅዱ ስክሪን ላይ ቢያምር ሐኪሙ እጅ ላይ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። የሚያደርሰው ያ ማስነከሻ ነው፤ እኛ ስፕሊንት እንለዋለን። ከጥርስ ጥርስ መሃል የሚገባ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ የሁሉም ጥርስ ጉድጓድ ታትሞበታል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ይሠራል። በመጀመሪያ የላይኛው መንጋጋ ይቆረጥና የመጀመሪያው ስፕሊንት ገና ካልተነካው ከታችኛው ጋር ያገጣጥመዋል። እቅዱ ባለው ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። በታይታኒየም ፕሌትና በትንንሽ ብሎን ይታሰራል። ቀጥሎ ታችኛው ይሰነጠቅና ሁለተኛው ስፕሊንት የመጨረሻውን ንክሻ ያሳየዋል። ያንቺ ጠመኔ ይኸው ነው።

4 ሚሊ አነሰችብሽ። ጥርስሽ መሃል ጸጉር ሲገባ አታውቂውም? ጥርስ ጸጉርን ያውቃል፤ 4 ሚሊ ለእሱ የትየለሌ ነው። ደግሞ 4 ብቻ አይደለም፣ ታችኛው 5 ወደ ኋላ ስላለ በሁለቱ መካከል 9 ነው። ለምን ታችኛውን ብቻ 9 አልገፋውም ብትይ፣ ታችኛው ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ከምላስ ኋላ ያለው የመተንፈሻ ቦታ ይጠባል። ሐኪሙ ለሁለቱ ያካፈለው ይህንንም አስቦ ይመስለኛል። ወንድምሽ ተኝቶ የሚያንኮራፋ ከሆነ ሳትጠየቂ ንገሪው። ኮምፒውተሩ ስንት ይሁን ብሎ አይወስንም። ስንት እንደሚሆን የሚወስነው ሰውየውን ያየው፣ ሲስቅ ያየው፣ ሲያወራ የሰማው ሐኪም ነው።

ያ ፎቶ ግን እህቴ፣ ከልቤ ነው የምነግርሽ፣ ስልኩ ላይ ባይኖር ደስ ይለኛል። አጥንቱን በተመለከተ እቅዱና ውጤቱ በ2 ሚሊ ውስጥ ከተገናኙ ጥሩ ሠርተናል እንላለን፤ ብዙ ጊዜም ይሳካል። ቆዳና ከንፈር ግን እንደ አጥንት አይታዘዙም። በተለይ ከንፈር። ውፍረቱ፣ ጡንቻው፣ እብጠቱ፣ ሁሉም የየሰው ነው። ስክሪኑ የሚያሳየው አቅጣጫውን ነው። ወንድምሽ ያንን ምስል ቃል ኪዳን አድርጎ ይዞት ገብቶ በሳምንቱ መስታወት ካየ ያዝናል። በሳምንቱ የሚያየው እብጠት ነው።

የአጋሮዋ · ሰኞ ጠዋት 2:40

እኔ ተሠርቼ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ ፎቶ ነገር ሐኪሙ ያለውን አደምጡት። በአሥረኛው ቀን መስታወት አይቼ እናቴን «የሌላ ሰው ፊት ሰጡኝ» ብያት አልቅሻለሁ። በሦስተኛው ወር ራሴን አገኘሁት።

እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ነው። ሲቲውና የጥርሱ ቅርጽ ተወስዶ እቅድ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ለክትትል ብሬስ ወደምከታተልበት ክሊኒክ ሄድኩ። ሽቦውን ቀይረው አጠበቁት። ማንም አትንኩ አላላቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ጥርሴ በአምስት ሳምንት ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ስፕሊንቱ ሲመጣ አልገባም አለ። ደግነቱ ሐኪሜ ከኦፕራሲዮኑ አንድ ቀን በፊት ሞክሮት ነበር። ቀጠሮው ተሰረዘ፣ ቅርጹ እንደገና ተወሰደ፣ ሰባት ሳምንት ጠበቅኩ። ስለዚህ እህቴ፣ ከሲቲ በኋላ ብሬሱን ማንም እንዳይነካው። ቢላላም ቢሰበርም መጀመሪያ ለኦፕራሲዮን ሐኪሙ ደውሉ።

ስለ ምግብ ልንገርሽ፤ ይህን ማንም አይነግርም። ስድስት ሳምንት ያህል የሚታኘክ ነገር የለም። መጀመሪያ አካባቢ በስሪንጅ ነው። አጥሚት፣ የተጣራ የአጃ ሾርባ፣ ወተት፣ ቀጭን ሽሮ ያለ በርበሬ። ላስቲክ ጥርስን ያስረዋል፤ ወሬ በጥርስ መሃል ነው። የታችኛው ከንፈሬ ደንዝዞ ሻይ ሲፈስብኝ አይታወቀኝም ነበር። አብዛኛው ተመለሰ። በአገጬ ቀኝ በኩል ሳንቲም የምታህል ቦታ እስካሁን ትንሽ ደንዘዝ ትላለች። በነርቩ ምክንያት ይህ ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ስለነገረኝ አልከፋኝም።

የጨርቅ ጠርዝ · ሰኞ ማታ 2:15

ወገኖቼ፣ ተገኘ!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል በር ላይ ነበርኩ። የራጅ ክፍልን ቃላት ወረቀት ላይ ገልብጬ ሄጄ አነበብኩላቸው። ልጁ መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው ማሽኑ ላይ ፈልጎ «የማክሰኞ አለ፣ ነገ ብትመጪ አላረጋግጥልሽም ነበር» አለኝ። በስሱ አወጣው። ለሲዲው ብቻ ከፈልኩ። ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው ውፍረቱ 0.625 ነው አለ። ከአንድ ሚሊ በታች።

ከሰዓት የኪቶ ልጅ ሱቄ ድረስ መጣ። ላፕቶፑን የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ወንድሜም መጣ። ሲከፈት መጀመሪያ ግራጫ ግራጫ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ጎተት ሲያደርግ ሥጋው ጠፋና የራስ ቅል ብቅ አለ። እኔ «በስመአብ» ብዬ ዞርኩ። ወንድሜ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። አገጩ መሃል ላይ ጣቱን አኖረና ወደ ላይ ሄደ፤ የላይኛው ጥርሱ መሃል ላይ አልደረሰም። ከመስመር የወጣ ስፌት ማለት ነው። «የዞረው እዚህ ነው» አለ። ብሬሱ ያለበት ቦታ ሁሉ ነጭ ጭረት ነበር፣ ልክ ሐኪሙ እንዳለው።

ስለ ፎቶው ምሳ ሰዓት ላይ ነገርኩት። የሐኪሙን ጽሑፍ ራሱ አነበበው። ዝም አለ። ከዚያ «እኔ የምፈልገው አምባሻ መንከስ ነው፤ አባዬን መምሰሉ ምርቃት ነው» አለኝ። ፎቶውን ግን አላጠፋውም። አልተጫንኩትም። አዎ ያንኮራፋል፣ እናገራለሁ። የአጋሮዋ፣ ብሬሱን የሚከታተልለት ሐኪም ጋ ደውዬ እስከ ኦፕራሲዮኑ እንዳይነካ ብያለሁ።

የጥርሱን ጀሶ እዚህ ጅማ ወስደው ሰጥተውኛል፤ ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት በሚነሳው አውቶቡስ ይዘነው እንሄዳለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ጀሶው እንዳይሰበር በምን ልጠቅልለው? ንክሻውን የያዘችው ሰምም አብራ አለች።

የጅሬን ጥርስ ሐኪም · ሰኞ ማታ 2:50

እሰይ! ጀሶውን ላይኛውንና ታችኛውን ለየብቻ ጠቅልይው፤ እርስ በርሱ ከተጋጨ መጀመሪያ የሚሰበረው የጥርሱ ጫፍ ነው። ጥጥ እንዳይሆን፣ ቃጫው ጥርሱ ላይ ይቀራል። ለስላሳ ጨርቅ ይሻላል፤ እሱ ደግሞ ካንቺ አይጠፋም። ጠንካራ ካርቶን ውስጥ አድርገሽ ጉልበትሽ ላይ ያዢው። ከላይ ሻንጣ መጫኛ ላይ እንዳይወጣ።

ሰሟን በመስኮት በኩል አታስቀምጫት። ጊቤ በረሃ ላይ ፀሐይ ያገኛታል፣ ትለሰልሳለች፣ ንክሻው ይበላሻል። በትንሽ ዕቃ አድርገሽ ከውሃ መያዣ ላስቲክ ጎን አኑሪያት። ሲዲውን ሌላ ኮፒ በፍላሽ ያዢ።

የጨርቅ ጠርዝ · ሰኞ ማታ 3:05

የገበርዲን ቁራጭ አለኝ። በሱ እጠቀልለዋለሁ።